ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ድንጋጌ

የበጎ አድራጎት ድርጅትና ለጋሹ እንደ ወደዱ ብቻ ሊዋዋሉ አይችሉም፤ ስለ ገንዘቡ አዋዋል ሕጉ አስቀድሞ ይወስናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 621 ከዓመቱ ወጪ ከ30 በመቶ የበለጠው ለአስተዳደር እንዳይውል ከለከለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ለድኻ የተሰጠ ገንዘብ በቢሮ እንዳይቀር ነው። ነገር ግን የ2003 ዓ.ም. መመሪያ የጉዞንና የክትትልን ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ደመረው። በባሌ ደጋ፣ በአጋርፋ፣ ስንዴና ገብስ የሚያመርተውን ገበሬ ለማስተማር እስከ ማሳው መሄድ ግድ ነው፤ እዚያ ነዳጅ ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይበልጥ የጐዳው ሩቅ የሚሠራውን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ የአስተዳደር ወጪን ትርጓሜ ግን አጠበበ። ከእንግዲህ ከአስተዳደር የሚቈጠረው ለአስተዳደር ሥራ የሚውል ተሽከርካሪ ነዳጅ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ አዲሱን ሕግ ጥብቅ የሚለው ሰው ትርጓሜውን አላነበበም።

በበኩሌ የምነቅፈው ሌላ ነው። አንዱ መኪና ጧት ለቢሮ ጉዳይ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ገበሬው ሲሄድ፣ ነዳጁ በምን ስሌት እንደሚከፋፈል ዐዋጁ አያሳይም። ተዋዋዮቹ ስሌቱን ከሒሳብ መርማሪው በፊት በውላቸው ቢጽፉት ይበጃል።