የምሳሌው ዝንጀሮና የገደሉ ዝንጀሮ

ስሙ ያልታወቀ ሰው የተናገረው ምሳሌ እንደ ቅኔና እንደ ታሪክ ሁሉ ተመርምሮ ሊመሰገን ወይም ሊነቀፍ የሚገባው ድርሰት ነው። ሰዎች ግን ምሳሌን ለንግግራቸው ማጣፈጫ ሲያደርጉት እንጂ፣ የተናገረው ነገር እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ሲመረምሩ እምብዛም አይታዩም። ስለ ዝንጀሮና ስለ ጦጣ የሚነገሩት ምሳሌዎች ለዚህ ዓይነት ምርመራ ይልቁንም የተመቹ ናቸው፤ እንስሳው ዛሬም በሕይወት ስላለ፣ የምሳሌውን ምስክርነት ከራሱ ከእንስሳው ጋራ ማስተያየት ይቻላልና። ነገሩም ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። እንስሳው የሚኖርበት ደንና ሣር እየጠበበ ስለ ሄደ፣ ሰው ስለ እርሱ ያለው አሳብ ለመኖሩም ለመጥፋቱም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለው ነው። እሾህ በየአካሏ ተሰክቶባት፣ ከየትኛው እንጀምርልሽ ቢሏት የመለሰችው መልስ ነው ይባላል። የከተማ ሰው ይህን ምሳሌ የሚጠቅሰው ከሥራ ሁሉ መቅደም የሚገባውን ለማመልከት፣ ወይም ለራሱ ጉዳይ የሚሮጠውን ሰው ለመሸንቈጥ ነው፤ ሳቁ ግን በዝንጀሮ መላጣ መቀመጫ ላይ ነው። ዳሩ ግን ምሳሌውን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ቀልደኛ ብቻ አልነበረም፤ ዝንጀሮን በትዕግሥት የተመለከተ ሰው ነበረ። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በደብረ ሊባኖስ ገደል የሚገኘው ጭላዳ ከቀኑ የሚበዛውን ጊዜ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል። በአጠገቡ ያለው ሣር ሲያልቅበትም ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ጥቂት ወደ ፊት ይላል። ዛሬ በዓለም ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች ሁሉ ሣር ዋና ምግቡ የሆነው እርሱ ብቻ ነው። የሌሎች ዝንጀሮች ሴቶች የመራቢያቸውን ጊዜ በመቀመጫቸው መቅላትና ማበጥ ሲያስታውቁ፣ የጭላዳ ግን ጎልቶ የሚታየው ምልክት በደረት ላይ ያለው ጠጉር የሌለው ቀይ ገላ ነው። ከሊቃውንት ብዙዎች ይህ የሆነው እንስሳው ዘወትር ተቀማጭ ስለ ሆነ ነው ይላሉ። እንግዲህ መቀመጫው በእሾህ የተወጋ ጭላዳ ዕረፍት ብቻ ሳይሆን እንጀራውም ይቋረጥበታል። መልሱ የራስ ወዳድ መልስ አይደለም፤ ኑሮውን የሚያውቅ ባለ አእምሮ የሚመልሰው ነው።

ከዚህ ምሳሌ ጋራ ፊሳልጎስን ማስተያየት ይጠቅማል። ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ የእንስሳትን ጠባይ እየተናገረ ለሃይማኖት ምሳሌ ያደርገዋል፤ ፍሪትስ ሆምል የተባለ የጀርመን ሊቅም የግእዙን ንባብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. በላይፕዚግ አሳትሞታል። በጽርኡ መጽሐፍ ዝንጀሮ የዲያብሎስ ምሳሌ ነው፤ ራስ እንጂ ጭራ የለውምና፣ መጀመሪያው ያማረ ፍጻሜው የከፋ መልአክን ይመስላል ማለት ነው። የትርጓሜው ብልኀት የሚደነቅ ነው፤ ምስክርነቱ ግን የሌላ አገር ነው። ጭራ የሌለው ዝንጀሮ በሰሜን አፍሪካ ይገኛል። የኢትዮጵያ ጭላዳ ግን በጫፉ ጐፈር ያለው ጭራ አለው፤ የጉሬዛ ጭራማ ነጭ ሆኖ፣ ካህን ዝንብ የሚከላከልበትን ጭራ ይመስላል። መጽሐፉ የሰማውን ጻፈ፤ ስለ እሾሁ የተረተው ባላገር ግን ያየውን ተናገረ።

ይህም ሲባል ባላገር ሁልጊዜ የታመነ ምስክር ነው ማለት አይደለም። አነጋገሩ በየአገሩ ቢለያይም፣ ኋላ የመጣች ጦጣ ባለቤቱን አስወጣች የሚል ሌላ ምሳሌ አለ። ይህ የማሳ ጠባቂ ምሬት ነው፤ እሸቱ የተበላበት ገበሬ ቢማረር አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩ ተገልብጦአል። በደጋው ላይ ኋላ የመጣው ማረሻ ነው እንጂ ዝንጀሮ አይደለም። በሰሜን ተራሮች እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ከብቱም በግጦሹ ላይ እየበዛ ስለ ሄደ፣ ጭላዳና ዋልያ ወደ ገደሉ አፋፍ ተገፍተዋል። አገሩ በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካለባቸው ቅርሶች ተቈጠረ፤ ከዚያም መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ አጠገብ እንዲዛወር ተደርጎአል። የተገለበጠው ምሳሌ በዚህ ጊዜ እንደ ገና ቀና ማለት ነው። ቤቱንና የአባቶቹን መቃብር ትቶ የወጣ የግጭ ሰው ይህን ምሳሌ ቢተርት፣ በከተማ ተቀምጦ ስለ ጭላዳ የሚቈረቈር ሰው ሊገሥጸው አይችልም።

በመንዝ ጓሳ የሆነው ግን ከሁለቱም ይለያል። በዚያ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ይጠብቅ ነበር፤ ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶት ይቈይና፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ሲደርስ ይከፍተዋል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላም የአካባቢው ሕዝብ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ ይዞታል። እዚያ ጭላዳው የተረፈው የወደደው ወይም ያመሰገነው ሰው ስለ ነበረ አይደለም፤ ሣሩ ለሰው ቤት ስላስፈለገ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ የአማርኛ ተረት በመሳለቅ ፈንታ ቢያመሰግን ኖሮ እንስሳው የተሻለ በተጠበቀ ነበር ይል ይሆናል። ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆን ነገር በቻይና አለ። ጊቦን የሚባለው ክንደ ረጅም የዛፍ እንስሳ ማለዳ ማለዳ ረጅም ዜማ ያሰማል። የቻይና ባለ ቅኔዎችም ከ1000 ዓመት በላይ ድምፁን የስደተኛና የኀዘንተኛ ጓደኛ አድርገው ሲያወድሱት ኖረዋል፤ ሮበርት ቫን ጉሊክ የተባለ የሆላንድ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ሰብስቦ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. መጽሐፍ አውጥቶበታል። ይሁን እንጂ ቅኔው ሲነበብ ደኑ ይቈረጥ ነበር። በቅኔ የታወቀው የያንግትሴ ወንዝ ሸለቆ ጊቦኑን አጥቶአል። በሃይናን ደሴት ያለው ወገን ደግሞ በ1970ዎቹ (አሁንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ከ10 በታች ደርሶ ነበር፤ የባዋንግሊንግ ደን በ1980 ከተከለለ ወዲህ ቀስ በቀስ በዝቶ ዛሬ ከ40 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ውዳሴም ስላቅም ዛፍ አይተክልም፤ ስለዚህ የአማርኛው ምሳሌ ባለማመስገኑ ብቻ ሊነቀፍ አይገባውም።

የሚነቀፍ ነገር ካለ ግን ስሞችን ማደባለቁ ነው። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ ጀርመናዊ መንገደኛ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1835 ዓ.ም. ሁለቱን እንስሳት ለአውሮፓ ሊቃውንት ሲያስተዋውቅ፣ ጭላዳንም ጉሬዛንም የጠራቸው አገሬው በሚጠራቸው ስም ነው። ስሞቹ እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት ይኖራሉ። በከተማ ንግግር ግን ሁሉ ዝንጀሮ ወይም ጦጣ ሆኖ ቀርቶአል፤ ጉሬዛም ቢነሣ የሚነሣው ስለ ቆዳው ምንጣፍነት ነው። ማሳ የሚያጠፋውና ሣር ብቻ ነጭቶ የሚያድረው፣ ቅጠል በልቶ በዛፍ ላይ የሚኖረውም በአንድ ስም ሲጠሩ፣ የአንዱ በደል በሁሉ ላይ ይደረጋል።

የጉለሌ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እንጦጦ ጥዱና ወይራው ተቈርጦ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ለብሶአል፤ በባሕር ዛፍ ብቻ የተሞላ ተራራም ከሩቅ ደን ቢመስልም ለጉሬዛ ማዕድ አይሆንም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር መሬት ላይ የአገሩን ዛፎች መልሶ በመትከል ላይ ነው። ጥድ ግን ቶሎ አያድግም። ከከተማው ወደ ምዕራብ ያለው መናገሻ ሱባ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገርለታል። እዚያ ጎሕ ሲቀድ የጉሬዛ ጩኸት ይሰማል፤ መንጋውም ከአንዱ ጥድ ወደ ሌላው ሲዘል፣ ነጭ ሆኖ የተወለደው ጨቅላ በእናቱ ጥቁር ደረት ላይ ተጣብቆ ይታያል።