ስለ ሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር ስያሜዎች፤ ከቃሊቲው የቆላ ዝንብ ማርቢያ ተነሥቶ የቀረበ ሂስ

በፊዚክስ ወይም በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ስያሜ ቢዛባ ችግሩ የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ተከታዩ እትም ያስተካክለዋል። በሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር ግን የስያሜ መዛባት የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ደሙን እንዲሰጥ የተጠየቀው ገበሬ፣ ልጇን ለክትባት ሙከራ ያቀረበችው እናት፣ በቤተ ሙከራ ሣጥን ውስጥ የተዘጋባት ጥንቸል የስያሜውን ዋጋ በአካላቸው ይከፍላሉ። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ቃላት ከሌሎቹ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ በሕክምና ምርምር ቅጾች፣ መመሪያዎችና ትርጉሞች ውስጥ የሚዘወተሩ ጥቂት የአማርኛ ቃላትን እንመረምራለን። መነሻ ያደረግነው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የተቋቋመውን የቆላ ዝንብ ማርቢያ ነው። ይህን ቦታ የመረጥነው እንስሳን፣ ነፍሳትንና ሰውን የሚመለከቱት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች በአንድ ሥራ ውስጥ ተያይዘው የሚገኙበት በመሆኑ ነው።

እንደሚታወቀው የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ያስተላልፋል። ገንዲ በሬውን ከእርሻ፣ ላሚቱን ከወተት ያወጣል፤ ለም የሆነውን ቆላም ያለ ጥማድ በሬ ያስቀረዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዝንቡን ለማጥፋት ሥራ ጀመረ፤ የቃሊቲው ማርቢያና የጨረር ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2007 ተመረቀ። ዘዴው የሚከተለው ነው። ዝንቡ በብዛት ይረባል፤ ወንዶቹ በጨረር እንዳይወልዱ ይደረጋሉ፤ ከዚያም ወደ ቆላው ይለቀቃሉ። የቆላ ዝንብ እንስት አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቃው አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ከእንዲህ ያለው ወንድ ጋር የተገናኘችው እንስት ዘር ሳትተካ ትቀራለች። በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት የነበረው የቆላ ዝንብ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 መጥፋቱ ተረጋግጧል።

የመጀመሪያው የስያሜ ችግር የሚነሣው ከዚሁ ነው። ወንዱን ዝንብ እንዳይወልድ ማድረግን «ማምከን» እንለዋለን። ቃሉ ትክክለኛና የቆየ ነው፤ መካን ማለት የማይወልድ ማለት ነውና። ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ማርቢያዎች ለዝንቦቹ የሚቀርበው የከብት ደምም ተሕዋስያን እንዳይኖሩበት በጨረር ይታከማል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያይ ተርጓሚ ዝንቡንም ደሙንም «የመከነ» ይላቸዋል። በሆስፒታልም መርፌውና ጨርቁ «የመከነ» ሲባል እንሰማለን። በባለሙያዎች መካከል ይህ አያሳስት ይሆናል። ለተራው ሰሚ ግን «መከነ» የሚያስታውሰው የሴት ማሕፀንን ነው። የክትባት ብልቃጥ ላይ «የመከነ ፈሳሽ» ብሎ መጻፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከሌላ አገር ታሪክ መገመት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በናይጄሪያ ካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ክትባቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ወሬው ከትርጉም ስሕተት የመጣ አይደለም። ቢሆንም ወሬ ባይኖርም እንኳ ወሬን የሚቀሰቅስ ቃል በብልቃጥ ላይ መለጠፍ የተርጓሚ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ «ማምከን» ለመውለድ ችሎታ ብቻ ይወሰን፤ ለደም፣ ለመርፌና ለመድኃኒት «ከተሕዋስያን ማጽዳት» ይባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የዝንቦቹን አመጋገብ ይመለከታል። የቆላ ዝንብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከደም በስተቀር ምግብ የለውም። ቀደም ሲል በቤተ ሙከራ ዝንብ የሚያረቡ ተመራማሪዎች ጥንቸልን፣ ፍየልንና የመሳሰሉትን እንስሳት አስረው በሕይወት እያሉ ዝንቡ እንዲመጥጣቸው ያደርጉ ነበር። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ደሙን ከስስ የሲሊኮን ሽፋን በታች አድርጎ ማቅረብ ተለመደ። ዝንቡ ሽፋኑን እንደ ቆዳ ወግቶ ይመገባል፤ ደሙም ለሥጋ ከታረዱ ከብቶች ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ንክሻዎችን ይሸከም የነበረው ሕያው እንስሳ ከሥራው ወጣ።

ይህ ለውጥ ራስልና በርች የተባሉት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1959 ካቀረቧቸው ሦስት መርሆች የመጀመሪያው ማለት ነው። መርሆቹ በእንስሳ ምትክ ሌላ ዘዴ መጠቀም፣ የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስና በቀሩት ላይ የሚደርሰውን ሥቃይ ማቅለል ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት «መተካት» እና «መቀነስ» ማለት አያስቸግርም። ሦስተኛውን ግን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው «ማጣራት» ወይም «ማሻሻል» ይላል። «ማጣራት» የስኳርና የዘይት ሥራ ነው፤ «ማሻሻል» ደግሞ ምን እንደሚሻሻል አይናገርም፤ የሙከራውን ፍጥነት ማሻሻልም ማሻሻል ነው። መርሁ የሚለው ሥቃዩ ይቅለል ነውና «ሥቃይ ማቅለል» የሚለውን እንመርጣለን። እንግሊዝኛው በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ሦስት ቃላት አሉት፤ የእኛ ተርጓሚ ይህን የፊደል ጨዋታ ለማትረፍ ሲል ትርጉሙን መክፈል የለበትም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ቃል አለ። የውጭ አገር የምርምር ጽሑፎች በሙከራ መጨረሻ እንስሳው መገደሉን የሚገልጹት መሥዋዕት ማቅረብ በሚል ቃል ነው። ይህ እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገባ «አይጦቹ መሥዋዕት ሆኑ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣል። በአማርኛ መሥዋዕት የሚቀርብለት አካል፣ የሚያቀርብ ካህን ወይም ለሌላው ሲል የሞተ ጀግና ይፈልጋል። አይጧ ከእነዚህ አንዱንም አታውቅም። ቃሉ ድርጊቱን ያከብረዋል፤ ድርጊቱ የተከበረ ሲመስል ደግሞ «ባይገደሉስ ይቻል ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይዘነጋል። «ታረዱ» ማለትም አይሆንም፤ እርድ ቢላዋን፣ ሥጋንና ሃይማኖታዊ ሥርዓትን ያመለክታል። ትክክለኛው ቃል «ተገደሉ» ነው፤ አገዳደሉም በምን ዓይነት ማደንዘዣ እንደሆነ ይገለጽ። ቃሉ ለጆሮ ቢከብድ መክበዱ ተገቢ ነው።

«እንስሳ» የሚለው ቃል ራሱ ወሰን ያስፈልገዋል። በዕለት ንግግር እንስሳ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የቤት ከብት ነው፤ የዱሩ አውሬ ይባላል፤ አይጥ ከሁለቱም ውጭ ሆና ትቀራለች። ዝንብ ደግሞ ከነፍሳት ይመደባል። የብዙ አገሮች የእንስሳት ሙከራ ደንቦች በዋነኛነት የሚጠብቁት አከርካሪ ያላቸውን ነው፤ ዝንብ ከጥበቃው ውጭ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ዝንብን የምንጠራበት «ነፍሳት» የነፍስ ብዙ ቁጥር ነው። ከዚህ ተነሥተን ለዝንብ መብት እንከራከር አንልም፤ ዝንቡን ማጥፋት የሥራው ዓላማ ነውና። የምንለው፣ በአማርኛ የሚጻፍ ደንብ «እንስሳ» ብሎ ዝም ካለ አንዱ አንባቢ ላምን ብቻ፣ ሌላው አይጥን ጨምሮ፣ ሦስተኛው ዝንብንም ያስባል ነው። ስለዚህ በትርጓሜ አንቀጽ ውስጥ «በዚህ ደንብ እንስሳ ማለት አከርካሪ ያለው ሁሉ ነው፤ አይጥንና ዓሣንም ይጨምራል» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር መግባት አለበት።

እስካሁን ያየነው ሊናገር የማይችለውን ፍጡር ነው። የመናገር ችሎታ ያለው ሰው ሲመጣ ችግሩ ይከብዳል። ከቃሊቲ የሚወጡት ወንድ ዝንቦች መካን ይሁኑ እንጂ ደም መምጠጣቸውን አይተዉም። በሽታ እንዳያስተላልፉ ሲባል ከመለቀቃቸው በፊት መድኃኒት የተቀላቀለበት ደም መመገብ የዘዴው አካል ነው። እንግዲህ የቆላው ገበሬ ከብቶቹን የሚነክሱ ተጨማሪ ዝንቦች እንደሚለቀቁ፣ ለምን እንደሚለቀቁና ምን ጥንቃቄ እንደተደረገ ሊነገረው ይገባል። ዝንብ የአንዱን ማሳ ትቶ የሌላውን ስለማይመርጥ በዚህ ጉዳይ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ጠይቆ መልቀቅ አይቻልም፤ የሚጠየቀው አካባቢው ነው። የሰው ደም የሚወሰድበት ጥናት ሲሆን ግን የአካባቢው እሺታ የግለሰቡን አይተካም። እነዚህን ሁለቱን የምንለይበት ቃል ያስፈልገናል።

በአገልግሎት ላይ ያሉት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «ስምምነት»፣ «ይሁንታ» እና «ፈቃድ»። ስምምነት የሁለት ወገን ነው፤ እንደ ውል ሁሉ ሁለቱንም ያስራል። የጥናት ተሳታፊ ግን በፈለገ ጊዜ ትቶ የመውጣት መብት አለው፤ «ተስማምተህ የለም ወይ?» ሊባል አይገባም። ይሁንታ ከበላይ ወይም ከጉባኤ የሚሰጥ ማጽደቂያን ያሰማል፤ ስለዚህ ለአካባቢ ሽማግሌዎች ወይም ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ይስማማል። ለግለሰቡ የሚቀረው ፈቃድ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በ7ኛው አንቀጹ ማንም ሰው በነጻ ፈቃዱ ካልሆነ በቀር የሕክምና ወይም የሳይንስ ሙከራ እንዳይደረግበት ይከለክላል። ይሁን እንጂ ፈቃድም የራሱ ወጥመድ አለው። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ ስንል የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። «ከታማሚዋ ፈቃድ ተወስዷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ተመራማሪውን ባለ ጉዳይ፣ ታማሚዋን ደግሞ ማኅተም የሚገኝባት ጠረጴዛ ያደርጋታል። ግሡን ለባለቤቱ መመለስ ይበቃል፤ «ታማሚዋ ፈቅዳለች»።

መፍቀድ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ የሚፈቅደው ሰው የሚፈቅደውን ማወቅ አለበት። ለዚህ የተለመደው «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» የሚለው ነው። ሐረጉ ረጅም ከመሆኑም በላይ ክብደቱን መረጃው ላይ ይጥላል፤ መረጃው በወረቀት ላይ ከሰፈረ ሥራው እንዳለቀ ያስመስላል። «አውቆ መፍቀድ» እንዳንል «አውቆ» በአማርኛ ሆን ብሎ ማለትም ነው። እኛ የምናቀርበው «ተረድቶ መፍቀድ» የሚለውን ነው። «ተረዳ» መርዶ ለሰማ ሰው እንደሚነገር አንዘነጋም፤ ነገር ግን ከ«መፍቀድ» ጋር ሲጣመር የሚያሳስት አይሆንም። ትልቁ ጥቅሙ አሉታው መገኘቱ ነው። «ተረድታ ከለከለች» ማለት ይቻላል፤ «በመረጃ ላይ የተመሠረተ አለመስማማት» ግን ከማንም አፍ አይወጣም። እምቢታን የማይገልጽ ስያሜ እሺታንም በትክክል አልገለጸም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ጥናት እንጥቀስ። ፖዶኮኒዮሲስ በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው፤ ተላላፊ አይደለም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ግን አለው። ይህን ተጋላጭነት ለማጥናት በወላይታ ዝግጅት ሲደረግ ተመራማሪዎች የፈቃድ አጠያየቁ እንዴት መሆን እንዳለበት አስቀድመው ነዋሪዎቹን ጠየቁ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከተነሡት ሥጋቶች አንዱ በሽታው ከቤተሰብ ጋር እንደሚያያዝ ሲነገር በታማሚዎች ላይ ያለው መገለል እንዳይብስ የሚል ነበር። እንግዲህ እዚያ የሚገባው ገለጻ ውስጥ «የዘር በሽታ» እና «በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት» መካከል ያለው ልዩነት የሴት ልጅ የመዳር ዕድል ሊሆን ይችላል። ቅጹ ከእንግሊዝኛ በአማርኛ በኩል ወደ ሌላ የአገራችን ቋንቋ የሚሻገር ሲሆን ደግሞ የአማርኛው ስሕተት እዚያም ይወርሳል።

የሚቃወሙን ይኖራሉ። ቅጾቹ ታትመዋል፣ ኮሚቴዎቹ ቃላቱን ለምደዋል፣ መለወጥ ግራ ያጋባል ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የስያሜ መዋዠቅ በራሱ ጉዳት ነውና። ነገር ግን የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣውን የሄልሲንኪ መግለጫ በ2024 ሲያሻሽል፣ ከ60 ዓመት በኋላ፣ የሚጠናውን ሰው ይጠራበት የነበረውን ቃል ለውጦ «ተሳታፊ» ብሎታል። ስድሳ ዓመት የተለመደ ቃል ከተለወጠ የእኛ ገና ያልጸናው አይለወጥም ማለት አይቻልም። በአማርኛ «ተሳታፊ» ቀድሞ መያዙ መልካም ነው፤ ሰውን «ናሙና» ማለት ግን ይቅር፤ ናሙና ደሙ እንጂ ሰውየው አይደለም። እንስሳውንም «ተሳታፊ» አንበለው፤ ያልተጠየቀ አይሳተፍም።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። በዚህ ዘርፍ ስያሜ የሚያወጣ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሣ እናሳስባለን። ስያሜው አድራጊውንና የሚደረግበትን ይለያልን? አሉታው በተፈጥሯዊ አማርኛ ይነገራልን? ከሙያው ውጭ ያለው ሰሚ ሲሰማው ሌላ አስፈሪ ወይም የተከበረ ነገር አይመስለውምን? «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» በመጀመሪያውና በሁለተኛው፣ «የመከነ ፈሳሽ» እና «መሥዋዕት» በሦስተኛው ይወድቃሉ። «ተረድቶ መፍቀድ»፣ «ከተሕዋስያን ማጽዳት»፣ «ሥቃይ ማቅለል» ያልፋሉ ብለን እናምናለን። የተሻለ ያለው ያቅርብ፤ ይሁን እንጂ ከማቅረቡ በፊት ቃሉን ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለትና ምን እንደገባው ይጠይቀው።