ፍጻሜው አስቀድሞ የተጻፈ ተውኔት፦ የቪዛ ቃለ መጠይቅ በሐያሲ ዓይን

ሂስ የታተመ መጽሐፍና በመድረክ የቀረበ ሥራ ብቻ የሚመረመርበት ሙያ ነው የሚል ልማድ ይዘን ቆይተናል። ይሁን እንጂ በዘመናችን ከማናቸውም ተውኔት ይልቅ ብዙ ተዋንያን ያሉት፣ ከማለዳ ጀምሮ የሚታይ፣ ምልልሱንም ወጣቶቻችን ከመማሪያ መጽሐፋቸው በላቀ ትጋት በቃላቸው የሚያጠኑት አንድ ትዕይንት አለ። ይኸውም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያመለክት ሰው በኤምባሲ መስኮት ፊት ቆሞ የሚያደርገው ቃለ መጠይቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ትዕይንት እንደ አንድ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ወስዶ ትልሙን፣ ገጸ ባሕርያቱንና ምልልሱን ለመመርመር ይሞክራል። አንባቢ ነገሩን በቀልድ እንዳይወስደው አስቀድሞ ይለምናል፤ በዚያ መስኮት ፊት የሚወሰነው ቀልድ አይደለምና።

ለምሳሌነት የምንወስደው የአሜሪካንን የተማሪ ቪዛ ነው። አመልካቹ ወደ መስኮቱ ከመድረሱ በፊት ብዙ ገቢሮችን ከመጋረጃ በስተጀርባ አልፏል። ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ ተቀባይነት አግኝቷል፤ አይ-20 የተባለው የቅበላ ቅጽ በእጁ ገብቷል፤ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መከታተያ መዝገብ 350 ዶላር፣ ለቪዛው ማመልከቻ ደግሞ 185 ዶላር ከፍሏል። ሁለተኛው ክፍያ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ለአንድ ጀማሪ መምህር የሁለቱ ድምር የበርካታ ወራት ደመወዝ ነው። እንግዲህ መጋረጃው ሲገለጥ አመልካቹ ቆሞ፣ ቆንስሉ ከመስታወት ወዲያ ተቀምጦ እናያቸዋለን። ተመልካቾቹ ተራ ጠባቂዎች ናቸው፤ የፊተኛው ሲመለስ ፊቱን እያነበቡ የራሳቸውን ዕጣ ይተነብያሉ። ትዕይንቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም።

ተውኔቱ የሚመራበት ትልም የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ በአንቀጽ 214 ንኡስ አንቀጽ «ለ»፣ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በቀር ማንኛውም አመልካች ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው እንዲቆጠር ይደነግጋል። በወንጀል ችሎት ተከሳሹ ንጹሕ ነው ተብሎ ይጀመራል፤ ከሳሹ ማስረዳት አለበት። እዚህ ግን ገጸ ባሕርይው ወደ መድረኩ የሚወጣው ፍርዱ በጀርባው ላይ ተጽፎ ነው፤ የእርሱም ድርሻ ያንን ጽሕፈት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መፋቅ ነው። ካልሆነለት አንዲት ወረቀት ተሰጥቶት ይሸኛል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው እንደገና ከፍሎ እንደገና መሰለፍ ነው።

የትልሙ ዋና ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የሰው ጠባይ በድርጊቱ እንደሚገለጥ ማንኛውም የተውኔት ጀማሪ ያውቃል። ወደፊት የሚደረግ ነገር ግን በመድረክ ላይ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ በድርጊት ቦታ ቁሳቁስ ይተካል፤ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የባንክ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። እነዚህ «ከአገርህ ጋር የሚያስተሳስርህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናሉ ተብሎ ይታሰባል። ታዲያ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የቤት ካርታ ከየት ያመጣል? ሰው ለትምህርት የሚሄደው ገና ያልያዘውን ለመያዝ ነው። ተማሪ የሚጠየቀው ተማሪ ስለሆነ የሌለውን ነገር ነው።

ከዚህ ጉድለት አንድ ሙሉ የመድረክ ዝግጅት ሥራ በቅሏል። በተለምዶ «ፕሮሰስ» በሚባለው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ለአመልካቹ ቃለ ተውኔት ይጽፉለታል፣ ያለማምዱታል፣ አለባበሱን ያርሙታል። ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ በአጎት ስም ባንክ ያስቀምጥና መግለጫው ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ይወስዳል። «ትምህርቴን ስጨርስ ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንደ አሮጌ ሳንቲም ጽሕፈቱ ጠፍቷል። ቆንስሉ ይህንኑ ቃል በአንድ ማለዳ ከሃያ ሰው ይሰማል። ከሃያዎቹ መካከል በሙሉ ልቡ የሚናገር ቢኖር በምን ይለየዋል? መጥፎ ጽሑፍ ጥሩውን ተዋናይም ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ይህን በየልምምዱ የምናየው ነው።

በሌላ በኩል የራሳችን ጸሐፌ ተውኔቶች ይህን ትዕይንት ሲያነሡ የሚፈጽሙት ስሕተት አለ። ቆንስሉን ክፉ ሰው አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ተመልካችም ያጨበጭባል። ነገር ግን ከመስታወቱ ወዲያ ያለውም ሰው የተጻፈለትን የሚጫወት፣ ሰልፉ የሚያጣድፈው ተዋናይ ነው። ደግሞም ሄደው የቀሩ ብዙዎች መሆናቸውን፣ ለአገራችንም ጉዳት መሆኑን እኛው ራሳችን በየስብሰባው ስናነሣው የኖርነው ነው። ማንኛውም መንግሥት ደጁን የመጠበቅ መብት አለው። ጥያቄው በሩ መጠበቁ ሳይሆን የሚጠበቅበት ጽሑፍ እውነትን ከሐሰት ለመለየት መቻል አለመቻሉ ነው።

የቲያትራችንን ታሪክ ወደ መስኮቱ እናቅርበው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ»ን የደረሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። መንግሥቱ ለማ በለንደን ተምረዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቺካጎ ሕግ አጥንተው፣ በኋላም በለንደንና በፓሪስ ቲያትርን ተመልክተው መጥተዋል። ተስፋዬ ገሠሠም በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሲሄዱ በእጃቸው ምን ካርታ፣ ምን የባንክ መግለጫ ነበራቸው? ተመልሰው የሠሩት ሥራ እንጂ ይዘውት የሄዱት ወረቀት አልመሰከረላቸውም።

ሁሉም ተመለሱ ብንል ግን ውሸት ይሆናል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በ1966 ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖረ። ይህ ሰው በ1955 «ትመለሳለህ ወይስ ትቀራለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የትኛው መልስ እውነት ይሆን ነበር? መመለስና መቅረት በአንድ ሕይወት ውስጥ ይፈራረቃሉ። ከመስታወቱ ወዲያ የተጻፈው ትልም ይህን ዓይነት ገጸ ባሕርይ አያውቅም።

የምሁራኑ ነገር ከተማሪዎቹ ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሞንትሪያል ከተደረገው ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ጋር በተያያዘው የጥቁር ተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ለመገኘት የተጋበዙ በርካታ አፍሪካውያን የካናዳን ቪዛ ተከለከሉ። በዚያው ዘርፍ ያለ ሌላ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለ2020 አዲስ አበባን መረጠ፤ መድረኩን ወደ ተከለከሉት ማምጣት መልካም መፍትሔ ነበር። ግን ወረርሽኙ ደረሰና ጉባኤው በኢንተርኔት ተካሄደ። ይህ ጸሐፊም ለአንድ የቲያትር ሰሞን ወደ አውሮፓ ተጋብዞ በአንድ ቆንስላ ተከልክሎ ያውቃል። የሸንገን አገሮች የክልከላ ወረቀት በራሱ ሊነበብ የሚገባው ድርሰት ነው፤ ምክንያቶቹ አስቀድመው ታትመው ተደርድረዋል፣ ባለሥልጣኑ ከጎናቸው ባለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል። ለእኔ ምልክት የተደረገበት፣ ጊዜዬ ሳያልቅ ለመውጣት ያለኝ ሐሳብ አጠራጣሪ መሆኑን የሚገልጸው ነበር። ሚስትም፣ ሁለት ልጆችም፣ የማስተማር ሥራም ነበረኝ፤ ቁሳቁሱ ሁሉ በመድረኩ ላይ ነበር ማለት ነው። ያ ሣጥን ግን ስለ እኔ የተጻፈ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የተሻለ ትልም እንዳለ አለመጥቀስ አድልዎ ይሆናል። በአሜሪካ የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ ከሚሄዱት መካከል በመንግሥት ገንዘብ የሚማሩ ሰዎች ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ሁለት ዓመት በአገራቸው የመኖር ግዴታ አለባቸው፤ ያን ሳይፈጽሙ ወይም ሳይፈቀድላቸው የዚያ አገር ቋሚ ነዋሪ ለመሆን አይችሉም። ይህ ከባድ ነው፣ ግን በግልጽ የተነገረ ነው። ገጸ ባሕርይውን በግምት ሳይሆን በድርጊት ይፈትነዋል፤ ፈተናውም በመጨረሻው ትዕይንት እንጂ በመጀመሪያው አይደለም።

የራሳችን አገር ትልም ከዚህም የጠለቀ ነው። መምህር ከዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ሲላክ ውል ይፈርማል፣ ዋስም ይጠራል። ዋሱ ካርታ አይደለም፤ ደመወዝ ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ነገ በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚያገኙት ሰው ነው። የሄደው ሲቀር ዕዳው ዋሱን ይይዛል። ስለ ዋስ የተጻፈ ጥሩ ተውኔት እስካሁን አላየሁም፤ ከቆንስሉ ይልቅ እርሱ የመድረክ ሰው ነበር። ምክንያቱም ሄያጁ የሚታሰረው በሰው ነው፣ የሚያፍረውም ከሰው ነው።

ይህን የምለው እኔም ዋስ ስለሆንኩ ነው። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ የጊዜያዊ ቪዛ ዓይነቶች ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆኑና ከሦስት ወር በኋላ እንዳያገለግሉ ወሰነች። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸውን ለማንም እንዲታዩ ከፍተው እንዲጠብቁ ታዞ ነበር፤ ገጸ ባሕርይው የልቡን ማስታወሻ ለመርማሪው እንዲያስረክብ እንደ ማለት ነው። በዚያ ክረምት ነው አንድ ወጣት ባልደረባዬ የመድረክ ብርሃን ሊማር የሄደው። ከመሄዱ በፊት ገጹን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ፤ የአባቱ የእርሻ ቦታ ፎቶግራፎችና የልምምድ ሥዕሎች ብቻ ነበሩበት። ይህን ያየ መርማሪ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ቪዛውን ግን ሰጠው።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ በጥሞና ይመልከተው። ተማሪው ከገባ በኋላ ትምህርቱን እስኪፈጽም መቆየት ይችላል። ለአንድ ሳምንት እንኳ ወደ አገሩ ከመጣ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ እንደገና ይከፍላል፣ እንደገና በመስታወቱ ፊት ይቆማል፣ እንደገና ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ተቆጥሮ ይጀምራል። ስለዚህ አይመጣም። «ከአገርህ ጋር የሚያስተሳስርህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ተውኔት ማሰሪያውን ራሱ ይቆርጠዋል። ሠርግ ያመልጠዋል፣ ክርስትና ያመልጠዋል፣ ለቅሶ ያመልጠዋል። በሁለተኛው መስኮት ፊት ሲቆም «ለምን አገርህን አልጎበኘህም?» ቢባልስ? ይህን የመሰለ ምጸት አንድ ደራሲ ቢጽፍ አጋነነ እንለው ነበር።

የባልደረባዬ አባት በኅዳር 2018 ዓ.ም. አረፉ። በስልክ ነገርኩት፤ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ብመጣ አልመለስም፤ ባልመለስ ደግሞ እርስዎን አስይዣለሁ» አለኝ። እንዲመጣም እንዲቀርም ልነግረው አልቻልኩም። እርሱን ወክዬ ወደ ጎጃም ወረድኩ። በድንኳኑ ውስጥ የመንደሩ ሰዎች ቀስ ብለው፣ «አሜሪካ ከገባ በኋላ ረሳቸው» ሲሉ ሰማሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሕግ በ1952 የጻፈውን ቃል በዳሱ ሥር ያሉት ገበሬዎች ሳያነቡት ይደግሙት ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው ይወቀው ብዬ ነገሩን ከጎኔ ለተቀመጡት ሽማግሌ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ሦስት ወሩ፣ ስለ አንድ ጊዜ መግቢያው ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ።

«መምህር፣ ታዲያ ልጁ ይመጣል ወይ?» አሉኝ።

«ትምህርቱን ሲጨርስ ይመጣል፣ አባቴ» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ድንኳኑ በር ተመለከቱ። «እኛስ የጠየቅንዎ ለአርባው ነው» አሉ።