ሞተርን ማሳነስ ነዳጅን ማሳነስ ነውን?

ነዳጅ በተወደደ ቁጥር በየጋራዡና በየሻይ ቤቱ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አሳብ አለ። ይኸውም «ትልቁን ሞተር አውርዶ በምትኩ ትንሽ ሞተር ቢያስገቡበት መኪናው የሚበላው ቤንዚን ያንሳል» የሚል ነው። አሳቡ ሲሰሙት ግልጽ ስለሚመስል የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው፤ ትንሽ አፍ ትንሽ ይበላል ተብሎ ይታመናልና። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንሞክረው አሳቡን ከሥሩ ነቅሎ ለመጣል አይደለም፤ እውነቱን ከግምቱ ለይቶ ለማሳየት ነው። እንደምናየው በአሳቡ ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን እውነቱ የሚነገርለትን ያህል ሰፊ አይደለም፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠባል።

ጉዳዩ የመካኒኮች ጨዋታ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አስቀድሞ የገባው አውቶሞቢል ረዥም ዘመን ማገልገል ይኖርበታል፤ ሞተሩ ሲያረጅም ባለቤቱ መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ ሞተሩን ለመለወጥ ይገደዳል። በዚህ ጊዜ «የትኛውን ሞተር ላስገባ?» የሚለው ጥያቄ የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዘመን ቁጠባ የሚወጣበት ጥያቄ ይሆናል። መልሱ በወሬ ላይ ሳይሆን በሒሳብ ላይ እንዲመሠረት የምንመኘውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሞተር ነዳጅ የሚበላው ለምን እንደ ሆነ እንመልከት። የመኪናውን ክብደት ከቆመበት ለማስነሣት፣ ዳገት ለማውጣት፣ የጎማውን መጎተት ለማሸነፍ፣ ከፊት የሚገፋውን አየር ለመክፈል ኃይል ያስፈልጋል። እነዚህን አራቱን ሥራዎች የሚወስኑት መኪናው፣ መንገዱና ሾፌሩ ናቸው እንጂ የሞተሩ መጠን አይደለም። ለምሳሌ 1200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ቢወጣ ለመውጣቱ ብቻ 12 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ይገኛል፤ ከዚህ ውስጥ ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ነው ብንል 8 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። እንግዲህ ያ ከፍታ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ያስከፍላል ማለት ነው። ከዐባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ጎሃ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ ይወጣል፤ ዳገቱም የሚፈልገውን ኃይል ለሞተሩ ትንሽነት ብሎ አይቀንስም። ጭነቱ ሳይቀነስ አጋሰሱን በአህያ ቢለውጡት የመንገዱ ድካም እንደማይቀልል ሁሉ፣ የመኪናውም ነገር እንዲሁ ነው።

ታዲያ የአሳቡ እውነት የት ላይ ነው? እውነቱ ያለው ሞተሩ ለራሱ በሚያባክነው ኃይል ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ኃይሉ የሚቀነሰው አየር የሚገባበትን በር በማጥበብ ነው። ሾፌሩ እግሩን ሲያላላ በሩ ሊዘጋ ይቃረባል፤ ፒስተኖቹም አፍንጫውን ይዞ ለመተንፈስ እንደሚታገል ሰው በጠባቡ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ይደክማሉ። በዚህ ላይ የሲሊንደሩ፣ የፒስተኑና የዘንጉ መፋተግ አለ። ሞተሩ በተለቀ መጠን ይህ ኪሣራ ይበዛል። ቆሞ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ባለ 2 ሊትር ሞተር በሰዓት ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቤንዚን ሲጨርስ፣ ባለ 4.6 ሊትር የሆነው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ መንቀሳቀስ ለበዛበት መኪና ትንሽ ሞተር በእውነት ይጠቅማል። ይህን የማይቀበል ሰው ካለ ከሥነ ፍጥረት ሕግ ጋር ይጣላል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ሦስት ወሰኖች አሉት። አንደኛ፣ ትንሹ ሞተር ከባዱን መኪና ሲጎትት ዘወትር እስከ መጨረሻው ይረገጣል። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር በክብደት ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሲጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ አየሩ ወደ 12.5 እጅ ወርዶ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ትርፉም ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የተሠሩት ለቀድሞው ሞተር ነው። እነርሱ ሳይለወጡ ሞተሩ ብቻ ቢለወጥ፣ ሾፌሩ በአራተኛ ማርሽ ይሄድበት የነበረውን መንገድ በሦስተኛ ይሄዳል፤ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ይበዛል፤ ከዙሩ ጋር መፋተጉም ይጨምራል፤ በአንድ ወገን የተቆጠበው በሌላው ወገን ይፈሳል። ሦስተኛ፣ የናፍታ ሞተር በጠቅላላው ያንን የአየር በር በማጥበብ አይሠራም፤ ኃይሉ የሚቀነሰው የሚረጨውን ናፍታ በመቀነስ ነው። ስለዚህ የናፍታውን ሞተር በማሳነስ የሚገኘው ጥቅም ከቤንዚኑ ያነሰ ነው። ይህን ሳይለዩ ለሁለቱም አንድ ምክር መስጠት ትልቅ ጉድለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በአገራችን ሲሆን ሊዘነጋ የማይገባው የከፍታው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ኃይሉን ወደ አንድ አራተኛ በሚጠጋ ያጣል። በሌላ አነጋገር፣ 1600 ሲሲ ተብሎ የተገዛው ሞተር በአዲስ አበባ የሚሰጠው ኃይል በባሕር ዳርቻ 1200 ሲሲ ገደማ የሆነው ሞተር የሚሰጠውን ያህል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በአውሮፓ ሜዳ ላይ «ይበቃል» የተባለ ትንሽ ሞተር በእንጦጦ ዳገት ላይ ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ እምብዛም የማይታሰብ ነው፤ አየሩ ስለ ሳሳ ሾፌሩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት በሩን ይበልጥ ይከፍታል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ አስቀድመን የጠቀስነው የመሳብ ኪሣራ ይቀንሳል። ይህ ማለት ከፍታው ራሱ ያለ ምንም ክፍያ ሞተሩን በከፊል አሳንሶታል ማለት ነው። ባለ መኪናው በብዙ ገንዘብ ሊገዛው የሚያስበውን ጥቅም አንዱን ክፍል ተራራው በነጻ ሰጥቶታል።

በከፍታው ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ለባሕር ወለል እንደ ተስተካከለ አዲስ አበባ ላይ ቢነዳ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው መጠን አይቀንስምና ድብልቁ ከመቶ አሥር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ ነው። ሞተር በማውረድ የሚፈለገውን ቁጠባ ያህል አንድ ብልህ መካኒክ በጥቂት ሰዓት ሥራ ሊያስገኝ ይችል ይሆናል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ማስተካከል በራሳቸው ይሠሩታል።

ሞተርን የማሳነስ አሳብ በትልቅ መጠን የተፈተነው በአውሮፓ ነው። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመኪና ፋብሪካዎች ትልልቅ ሞተሮችን ትተው ቱርቦ ያላቸውን ትንንሽ ሞተሮች መሥራት ያዙ። የፊያት 875 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የፎርድ አንድ ሊትር ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብለው ተሸለሙ። የፊያቱ ሞተር በፊያት 500 ላይ ሆኖ በይፋዊው ፈተና 100 ኪ.ሜ. በ4.1 ሊትር ይሄዳል ተባለለት፤ በመንገድ ላይ የሞከሩት የመኪና መጽሔቶች ግን ከዚህ በጣም የሚበልጥ ነዳጅ መዘገቡ። ምክንያቱን ለማግኘት ፈተናውን መመልከት ይበቃል። በዚያን ጊዜ የነበረው የአውሮፓ ፈተና 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ 11 ኪ.ሜ. የሚሸፍን፣ ዳገት የሌለበት፣ መኪናው በጣም ቀስ ብሎ የሚነሣበት ነበር። ትንሽ ሞተር የሚጠቅመው እንዲህ ባለው የዝግታ ጉዞ ነው፤ ስለዚህ ፈተናው ትንሹን ሞተር የሚያደላለት ሆነ። በይፋዊው ቁጥርና በመንገዱ እውነት መካከል የነበረው ልዩነት በ2001 እ.ኤ.አ. ከመቶ አሥር ያህል ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከመቶ አርባ ገደማ ደረሰ። ልዩነቱን ሁሉ በሞተር ማነስ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ፋብሪካዎቹ በፈተናው ሕግ ውስጥ የነበሩትን ቀዳዳዎችም ተጠቅመዋል። ቢሆንም የድርሻውን መያዙ አይካድም። ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈተናው በሚከብድ በሌላ ፈተና ተተካ።

በዚያው ዘመን ማዝዳ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በሌላ መንገድ ሄደ። ባለ 2 ሊትሩን ሞተር ሳያሳንስና ቱርቦ ሳይጨምር፣ ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቅበትን መጠን እስከ 14 ለ1 ከፍ በማድረግ ነዳጅ ቆጠበ። ቶዮታ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፕሪየስ ላይ 1.5 ሊትር ሞተር ሲያስገባ ብቻውን አልተወውም፤ በመነሻና በዳገት ላይ የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ሞተር ጨመረለት። የሁለቱ ምሳሌ የሚያስተምረን ቁጠባ የሚገኘው ሞተሩንና ሥራውን በማስማማት እንጂ በማሳነስ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚደርሰውን ካዲላክ በ1981 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስምንቱን ሲሊንደር እንደ ጉዞው ወደ ስድስትና ወደ አራት የሚቀንስ ሞተር ቢያቀርብም፣ መቆጣጠሪያው ከሥራው ጋር ሊስማማ ስላልቻለ የገዢዎች ቅሬታ በዛና ከአብዛኞቹ መኪናዎቹ ላይ በዓመቱ ተወገደ። የፋብሪካ መሐንዲሶች በላቦራቶሪ ተቸግረው የሠሩትን፣ አንድ ጋራዥ በግምት ያሳካዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

አሁን ወደ ኪሱ ሒሳብ እንመለስ። የነዳጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ወጪውን በብር ሳይሆን በሊትር ብንቆጥረው ይሻላል። አንድ የቤት መኪና በዓመት 15000 ኪ.ሜ. ቢሄድ፣ በ100 ኪ.ሜ.ም 10 ሊትር ቢበላ፣ በዓመት 1500 ሊትር ይጨርሳል። ሞተሩ ተለውጦ ከመቶ አሥር ቢቆጥብ 150 ሊትር ይተርፋል። ሞተሩ፣ የእጅ ሥራውና መጋጠሚያው ተደምረው የ1500 ሊትር ዋጋ ቢያስወጡ፣ ባለ መኪናው ያወጣውን የሚያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በዓመት 50000 ኪ.ሜ. የሚሄድ ታክሲ ግን በዚያው ስሌት 500 ሊትር ስለሚቆጥብ በሦስት ዓመት ያገኘዋል። አንድ ዓይነት ምክር ለአንዱ ጥቅም፣ ለሌላው ኪሣራ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ሆኖ ነው።

በሒሳቡ ውስጥ የማይታዩ ወጪዎችም አሉ። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ ሞተር የለወጠ ሰው ለውጡን በሕግ ማስመዝገብ አለበት፤ ይህን ያላደረገ በዓመታዊው ምርመራም ሆነ በሽያጭ ጊዜ ይቸገራል። የሚገዛው ሞተር ያገለገለ ከሆነ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሠራ ሻጩ የሚናገረውን ከማመን በቀር ማረጋገጫው ጥቂት ነው። ያረጀ ትንሽ ሞተር ከጤነኛ ትልቅ ሞተር ይልቅ ነዳጅም ዘይትም ሊበላ ይችላል።

የምንነቅፈው የባለ ጋራዦችን ንግግር ብቻ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅም ታክሱን 1300 እና 1800 ሲሲ ላይ በደረጃ ሲከፍለው የተመሠረተው በዚሁ እምነት ላይ ነው። ለአሠራር ቀላል መሆኑን አንክድም፤ ሲሲ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛልና። ነገር ግን ሲሲ የማሰሮውን ስፋት ይነግረናል እንጂ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀዳበት አይነግረንም። በ100 ኪ.ሜ. የሚበላው ነዳጅ ቢለካና ታክሱ በዚያ ላይ ቢጣል ለዓላማው የቀረበ በሆነ ነበር።

ስለዚህ እኛ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። የቀድሞው ሞተር ጨርሶ ካረጀና መለወጡ የማይቀር ከሆነ፣ መኪናው ቀላል ከሆነ፣ የሚሠራውም በከተማ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም የሚስማሙት ከሆነ፣ ትንሽ ሞተር ማስገባት ጥሩ ምክር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምክሩ ይዳከማል፤ ሁሉም ሲጎድሉ ጉዳት ይሆናል። ጤነኛ ሞተር ያለው ሰው ግን አስቀድሞ የጎማውን አየር ይሙላ፤ የማያስፈልገውን ጭነት ያውርድ፤ ካርቡራተሩን ወይም የአየር ማጣሪያውን ያሳይ፤ ረዥም ጊዜ ሲቆም ሞተሩን ያጥፋ። ከዚያም ጋኑን ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቦ፣ እንደገና ሲሞላ የገባውን ሊትር በሄደበት ኪሎ ሜትር ያካፍል። ይህን መለኪያ ለሁለት ወር የያዘ ሰው ሞተሩን ይለውጥ ወይስ አይለውጥ የሚለውን የሚወስነው ከማንም ሳይጠይቅ ከራሱ ደብተር ነው።