ባሊን የፉንዲን ልጅ፤ ስለ አንድ ድንክ የቀድሞ ታሪክ

የቶልኪንን ድርሰቶች ያነበቡ ጓደኞቻችን ስለ ባሊን ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱት መቃብሩን ብቻ ነው። ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም፤ ደራሲው ራሱ የዚህን ድንክ ታሪክ በየቦታው በትኖታል።

እ. ኤ. አ. በ1937 ዓ. ም. በታተመው «ሆቢት» ውስጥ ባሊን ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ፣ የጓዶቹም ዘብ ጠባቂ ነው። ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲሉ ቢልቦን ወደ ዘንዶው ዋሻ ጥቂት መንገድ የሸኘው እሱ ብቻ ነው። ስለ አባቱ ግን ቁራው አንድ ጊዜ በአባቱ ስም ከመጥራቱ በቀር የምናገኘው ነገር የለም።

በ1954 «የቀለበቶች ጌታ» የመጀመሪያው ቅጽ ሲወጣ ባሊን ሞቷል። ግሎይን በሪቨንዴል ሸንጎ እንደሚናገረው፣ ድንኮቹ በያዙት ሀብት አልረካ ብለው ስለ ሞሪያ ሲያንሾካሹኩ ባሊን ሰማ፤ ንጉሡ ዳይንም ሳይወድ ፈቀደለት። የትሮርን ቀለበት የማግኘት ተስፋም ነበረው። እዚህ ላይ የሚያቆም አንባቢ ባሊንን በስግብግብነት ቢከስሰው አንፈርድበትም።

ፍርዱን የሚያስለውጠው በ1955 በወጣው ሦስተኛ ቅጽ አባሪ ላይ የሰፈረው ነው። በድርሰቱ የዘመን አቈጣጠር በሦስተኛው ዘመን በ2799 ዓመት ድንኮችና ኦርኮች በሞሪያ ምሥራቃዊ በር ፊት፣ አዛኑልቢዛር በተባለው ሸለቆ ተዋጉ። ፉንዲን በዚያ ወደቀ። ባሊን በትውልድ ሐረጉ ሲቈጠር ያን ጊዜ የ36 ዓመት ልጅ ነበር። የሞቱት እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ እንደ ልማዳቸው በድንጋይ መቃብር ሊያኖሯቸው አልቻሉም፤ ሬሳዎቹን ሁሉ አቃጠሏቸው። ከ195 ዓመት በኋላ ባሊን የመስተዋትን ሐይቅ ሊመለከት ብቻውን ሲወርድ ከድንጋይ ጀርባ የተደበቀ ኦርክ በቀስት ገደለው። ቦታው ያው ሸለቆ ነው! ደራሲው ሁለቱን ሞቶች የትም አላገናኛቸውም፤ እኛ ግን አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደናል።

የቀለበቱ ነገር ደግሞ የባሰ መራራ ነው። በ2841 የትሮር ልጅ ትራይን ለጕዞ ሲነሣ ባሊን ከተከታዮቹ አንዱ ነበር። በ2845 ትራይን በጨለማው ደን ዳርቻ ሌሊት ተሰወረ፤ ጓዶቹም ፈልገው አጡት። ቀለበቱ በእሱ ዘንድ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ስለዚህ ቀለበት አይናገሩም። እንግዲህ ባሊን ከአጠገቡ የጠፋውን ዕቃ ከ144 ዓመት በኋላ በሞሪያ ሊፈልግ ሄደ ማለት ነው።

ነቀፌታችንን አንሰውርም። ግሎይን የባሊን የአጎት ልጅ ነው፤ የፉንዲንን ሞት ያውቃል። በሸንጎው ላይ ስለ ሀብት ይህን ያህል ሲናገር ስለ አጎቱ አንዲት ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? ድንኮች ምስጢረኞች ናቸው የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ ነገር ግን የባለታሪኩ ዝምታ ለደራሲው ሁልጊዜ ምክንያት ሊሆነው አይገባም።

ያም ሆኖ በማዛርቡል ክፍል ባለው የመቃብር ድንጋይ ላይ ከባሊን ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም ተቀርጿል። በእሳት ለተቃጠለው ለፉንዲን ስሙ የተጻፈበት ሌላ ድንጋይ መኖሩ አልተነገረንም።