የወሬ አውራሪስ

ጥንታዊ የፖርሴሊን እንስሳ መሰብሰብ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የሳክሶኒው ገዢ፣ ብርቱው አውግስጦስ፣ እ.ኤ.አ. በ1730 ገደማ ለድሬስደን ቤተ መንግሥቱ ከማይሰን ፋብሪካ ትልልቅ የፖርሴሊን አራዊት ሲያዝ ግን ጨዋታ አልነበረም። ካንድለር ሕያው እንስሳ እያየ ቀረጸ፤ ወፎቹ ዛሬም ሊበሩ ይመስላሉ። ኪርሽነር ግን አውራሪሱን የቀዳው ከዱረር የ1515 ሥዕል ነው። ዱረር ደግሞ አውራሪስ በዓይኑ አላየም፤ በጽሑፍና በንድፍ የደረሰውን ወሬ ነው የሳለው። ታዲያ ጀርባው ላይ የሌለ ቀንድ በቀለ፤ ስህተቱም ፖርሴሊን ሆነ።

በጥበብ የካንድለር ወፎች ይበልጣሉ። እኔ ግን ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከአውራሪሱ አይነቀልም። መምህር ሳለሁ ያላነበብኩትን መጽሐፍ ከሐያሲ አፍ ለቅሜ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም አምነው ጽፈዋል። ያቺ ትንሽ ቀንድ የኔም ናት።