ስለ ዐቢይ ጾም ሥርዐትና ስለ አጿጿማችን

አንድን ሥራ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሥራውን ራሱን፥ ቀጥሎም ሰዎች እንዴት እንደ ያዙት ማየት ይገባዋል። እኔም የዐቢይ ጾምን ሥርዐት በዚሁ መንገድ ልመረምረው አሰብሁ። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና ይህን ጾም በልጅነቴ አልጾምሁም፤ ስለዚህ በውስጡ ያደገ ሰው የሚያውቀው ብዙ ነገር እንደሚጎድለኝ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

የጾሙ ዘመን 55 ቀን ነው። ሰንበታቱም ዘወረደ፥ ቅድስት፥ ምኩራብ፥ መጻጉዕ፥ ደብረ ዘይት፥ ገብር ኄር፥ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና ይባላሉ። ይህ አሰያየም በ6ኛው ምእተ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ደረሰው ከሚባለው ከጾመ ድጓ ጋር የተያያዘ ነው። ስሞቹን በተርታ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም ከስምንቱ አንዱ እንኳ ስለ ምግብ የማይናገር መሆኑ ነው። የጾም ሥርዐት ሆኖ ሳለ የሚያስተምረው ስለ ሆድ ሳይሆን ስለ ልብ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ብልኀት የታየኝ ግን በመካከሉ ነው። በመጻጉዕ 38 ዓመት ታሞ የተኛው፥ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ያጣው ድኻ ይታሰባል። በደብረ ዘይት የጌታ ዳግም መምጣትና የፍርድ ነገር ይነገራል። በገብር ኄር መክሊቱን በሚገባ የሠራበትና መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ ይነጻጸራሉ። እንግዲህ ሰሚው አስቀድሞ ችግረኛውን ያያል፤ ቀጥሎ ስለ እርሱ እንደሚጠየቅ ይሰማል፤ በመጨረሻም በእጁ ያለው ምን እንደ ሆነ ይመረመራል። ዘመኔን ሁሉ በማስተማር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የትምህርት ቅደም ተከተል አላየሁም።

በሥርዐቱ ላይ ነቀፋ የለኝም፤ ነቀፋዬ በእኛ በሰሚዎቹ ላይ ነው። ብዙ ጿሚዎች ቀኑን ይቈጥራሉ፥ ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው ይከራከራሉ፥ ከሥጋ ተከልክለው የጎረቤታቸውን ስም ይበላሉ። የማንጾመውም ከእነርሱ አንሻልም። እኔ ጾም በስውር ይሁን የሚለውን መልካም ትምህርት ተምሬ ነበር፤ ነገር ግን ጾሜን እጅግ ስለ ሰወርሁት እኔም ራሴ አላየሁት።

ይህን የተረዳሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። ባለፈው ዓመት፥ በ2010፥ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ 1,000,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ብዙዎቹ በጌዴብ ወረዳ፥ እኔ በምኖርበት በባንኮ ጎቲቲ ሰፈሩ። ጾሙ በየካቲት 25 ገባ፤ የጎቲቲ ረሃብ ወሬ በአገሩ ሁሉ የተሰማው በዚያው ጾም፥ በመጋቢት ነው። የመጻጉዕ ሰንበት መጋቢት 15 ሲውል፥ ሰው ያጣው ድኻ በታሪክ ሳይሆን በደጃችን፥ በላስቲክ ሥር ተኝቶ ነበር።

አንዲት ባልቴት ጎረቤት ነበሩኝ፤ በጾሙ አንድ ቀን አያጓድሉም። አንድ ጧት ማሰሮ ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸውና በመምህርነት ኩራት፦ «እማማ፥ ይህን ያህል ቀን ወተት አለመጠጣትዎ ለእግዚአብሔር ምን ይጠቅመዋል?» አልኋቸው።

«ለእግዚአብሔርማ ምን ይጠቅመዋል፥ መምህር» አሉኝ። «እኔ ብጾም ላሟ አትጾምም። ሕፃን ደግሞ ጾም የለበትም። ስለዚህ ለልጆቹ ልወስድላቸው ነው።»

በእኛ አገር በጾም የማይጠጣው ወተት ይጠራቀምና ተንጦ ለፋሲካ ቅቤ ይሆናል። እኚህ ሴት የተዉት እንግዲህ የ55 ቀኑን ወተት ብቻ ሳይሆን የፋሲካቸውንም ቅቤ ነበር። በእኔም ቤት ላም ነበረች፤ ወተቷን ጧትና ማታ በነጻነት እንጠጣው ነበር። እኔ ስለ መክሊት አስተምር ነበር፤ እርሳቸው ግን መክሊቱን በማሰሮ ተሸክመው ይሄዱ ነበር።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ከጥንት ክርስቲያን ጸሐፊዎች አንዱ፥ መጽሐፉ ወደ ግዕዝም የተተረጎመው ሄርማ፥ ጿሚ ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ዋጋ አስልቶ ለመበለት፥ ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምግብን መተው የጾም ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተተወው ምግብ የት እንደ ደረሰ ነው። የተተወው ወደ ጎተራ ከተመለሰ ቍጠባ እንጂ ጾም አይባልም።

እናንተ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከእናንተ የሚጾምም የማይጾምም አለ፤ በዚህ አትነቃቀፉ። ጿሚው ያልበላሁት የት ሄደ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የማይጾመውም ለመስጠት ምን ከለከለኝ ብሎ ይጠይቅ፤ የእርሱ ጥያቄ ይከብዳልና።

በሚያዝያ 20፥ በፋሲካ ቀን፥ እኚያ ባልቴት ጠርተውኝ ከቤታቸው በላሁ። ወጡ በዘይት የተሠራ ነበር። እርሳቸው ስለዚህ ምንም አልተናገሩም፤ እኔም ስላፈርሁ አልጠየቅኋቸውም።